ውሻችሁ ደንዝዛ ስትተኛ ልቧን የሚጠብቀው ማን ነው?

በግቢ ውስጥ ለዓመታት የኖረች ውሻ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ሲባል ቤተሰብ ለሁለት ይከፈላል። ልጆች «አሁኑኑ እንውሰዳት» ይላሉ። አያት ግን ጋቢያቸውን እያስተካከሉ «በዚህ ዕድሜዋ ማደንዘዣውን ትችለዋለች? እንደተኛች ብትቀርስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ብዙ ጊዜ ይህ ጥያቄ እንደ ፍርሃት ተቆጥሮ ይታለፋል። እኔ ግን በዕለቱ ከሚነሱት ጥያቄዎች ሁሉ ዋናው እሱ ይመስለኛል። መልሱ የሚገኘው ግን ሳሎን ውስጥ በክርክር ሳይሆን ሐኪሙን በመጠየቅ ነው፤ ለመጠየቅ ደግሞ ምን እንደሚጠየቅ ማወቅ ያስፈልጋል።

ውሻና ሕክምና አንድ ላይ ሲነሱ ለአብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ፓስተር ነው፤ የተነከሰ ሰው የሚሮጥበት። ውሻዋ ራሷ ታካሚ ስትሆን ግን እንግዳ ነገር ይሆንብናል። የእንስሳት ሕክምናችንም ቢሆን ያደገው በዋናነት በከብት፣ በበግ፣ በጋማ ከብትና በዶሮ ዙሪያ ነው። ላም ምጥ ጠንቶባት ሆዷ ሲከፈት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚደነዝዘው ጎኗ ብቻ ነው፤ ራሷ ነቅታ፣ ቆማ ትሠራለች። ውሻ ላይ ይህ አይሆንም፤ ሙሉ በሙሉ መተኛት አለባት። ስትተኛ ደግሞ ከሕመሙ ጋር አብሮ የሚተኛ ሌላ ነገር አለ።

ነቅተን ሳለን ሰውነታችን ራሱን ይጠብቃል። ከተቀመጥንበት ድንገት ስንነሳ የደም ግፊታችን ዝቅ እንዳይል ልብ ፈጠን ይላል፤ የደም ቧንቧዎችም ጠበብ ይላሉ። እኛ አናውቀውም እንጂ ይህ ጥበቃ ቀንና ሌሊት አይቋረጥም። ውሻም እንዲሁ ናት። ማደንዘዣ ግን ይህንን ዘበኛ ያደክመዋል። ስለዚህ ዘበኛው በተኛበት ሰዓት ሌላ ሰው በሩ ላይ መቆም አለበት። የልብ ክትትል የሚባለው ነገር ፍሬ ሐሳቡ ይኸው ነው።

ውሃ ያበዛች ውሻ

ጉዳዩን በብዙ ቤት በሚያጋጥም ምሳሌ እንየው። ያልመከነች፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ውሻ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ውሃ ማብዛት ትጀምራለች። የውሃ ዕቃዋን ሞልታችሁት ትሄዳላችሁ፤ ስትመለሱ ባዶ ነው። ሽንቷ ይበዛል፣ ምግብ ትተዋለች፣ ትደክማለች። አንዳንዴ ከኋላዋ መግል ይታያል፤ አንዳንዴ ምንም አይታይም። በማህፀኗ ውስጥ መግል ተጠራቅሟል ማለት ነው። ምንም ሳይወጣ ሲቀር ቤተሰብ ይዘናጋል፤ አደገኛው ግን ያ ነው፤ መውጫው ተዘግቶበታል።

የተለመደው መፍትሔ ማህፀኑንና የዕንቁላል ማምረቻውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። ቢተው መርዙ ወደ ደሟ ይገባል፤ ማህፀኑ ሆዷ ውስጥ ሊፈነዳም ይችላል። እዚህ ላይ የአያት ጥያቄ ክብደቱ ይታያል። ውሻዋ አርጅታለች፣ ታማለች፣ ውሃ ከሰውነቷ አልቋል፤ ለማደንዘዣ ከሁሉ የማትመች እሷ ናት። ሆኖም ሳትሠራ ብትቀር የሚጠብቃት ከማደንዘዣው እጅግ የከፋ ነው። «ማደንዘዣ ይገድላታል» ብሎ ቤት ማስቀረት ደኅንነት የሚመስል፣ ግን ደኅንነት ያልሆነ ምርጫ ነው።

አደጋው ምን ያህል ነው? በእንግሊዝ አገር ከ98 ሺሕ በላይ ውሾችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። በዚያ ጥናት መሠረት ከማደንዘዣ ወይም ከማስተኛ መድኃኒት ጋር በተያያዘ የሞተው በአጠቃላይ ከ600 ውሾች አንድ ገደማ ነው። ጤነኛ ሆነው ለምሳሌ ለማምከን የገቡት ብቻ ሲታዩ ከ1,850 አንድ ገደማ ይሆናል። ታመው የገቡት ሲታዩ ግን ቁጥሩ ከ75 አንድ ይደርሳል። ልዩነቱን ልብ በሉ። ያው ማደንዘዣ፣ ያው ዓይነት ሐኪም ነው፤ የተለያየው ውሻዋ ስትገባ የነበረችበት ሁኔታ ነው። በነገራችን ላይ ውሻን በወጣትነቷ፣ ጤነኛ ሳለች ማምከን የሚመከርበት አንዱ ምክንያት ከዚህ ቁጥር ውስጥ ይነበባል። ቁጥሩ የተሰበሰበው መሣሪያ በተሟላበት አገር መሆኑንም አንርሳ፤ እንዳለ ገልብጠን ወደ እኛ ሰፈር ማምጣት አይቻልም።

ጣት፣ ጆሮና ዓይን

የልብ ክትትል ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በፊልም ያየው፣ «ጢው ጢው» የሚል ስክሪን ነው። ሥራው የሚጀምረው ግን ከጣት ነው። በውሻ የኋላ እግር፣ በጭኗ ውስጠኛ በኩል፣ ወደ ብሽሽቷ ጠጋ ብሎ ትልቅ የደም ቧንቧ ያልፋል። ሁለት ጣት ቀስ ብሎ ሲያርፍበት ትርታው ይሰማል። ሐኪሙ ወይም ረዳቱ እዚያ ላይ ፍጥነቱን ብቻ አይቆጥርም፤ ጥንካሬውንም ያያል። ሞልቶ የሚገፋ ትርታና እንደ ክር የቀጠነ ትርታ አንድ አይደሉም።

ከዚያ ድዷ ይታያል። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው። በጣት ተጭኖ ሲለቀቅ የነጣው ቦታ ከሁለት ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ መቅላት አለበት። ከዘገየ ደሙ ወደ ዳር ዳሩ በደንብ እየደረሰ አይደለም። ደረቷ ላይ ማዳመጫ ይደረጋል። ሐኪሙ ሰውነቷን በጨርቅ ሸፍኖ በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ በጉሮሮዋ በኩል ወደ ምግብ ቧንቧዋ የሚገባ ቀጭን ማዳመጫ አለ፤ ከልብ አጠገብ ስለሚያርፍ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ዋጋውም ከትልልቆቹ ማሽኖች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ዓይኗም ይመሰክራል፤ በቂ እንቅልፍ ላይ ስትሆን የዓይኗ ብሌን ወደ ታች ይዞራል፣ እንቅልፉ ከመጠን በላይ ሲጠልቅ ተመልሶ መሀል ላይ ይቆማል።

ይህን የጣት ነገር ቤት ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ፤ ልጆችም ይወዱታል። ውሻችሁ ተረጋግታ በተኛችበት ትርታዋን 15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት። ያደገ ውሻ ነቅቶ ሲያርፍ በደቂቃ ከ60 እስከ 140 ባለው ውስጥ ይሆናል፤ ትልልቆቹ ወደ ታች፣ ትንንሾቹ ወደ ላይ ያደላሉ፤ ቡችሎች ከዚህም ይፈጥናሉ። ስትቆጥሩ ግን እንዳትደነግጡ፤ የጤነኛ ውሻ ልብ እንደ ግድግዳ ሰዓት እኩል አይመታም። ወደ ውስጥ ስትተነፍስ ፈጠን፣ ወደ ውጭ ስትተነፍስ ዘግየት ይላል። ሰው ላይ ቢሆን ወደ ሐኪም የሚያስሮጥ የሚመስለው ይህ አለመስተካከል በውሻ ዘንድ የተለመደ ነው።

ከዚህ ይልቅ ለሐኪም የሚጠቅመው ሌላ ቁጥር አለ፤ ይኸውም ጥልቅ እንቅልፍ ላይ ሳለች በደቂቃ የምትተነፍሰው። ደረቷ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ሲል አንድ ብላችሁ ቁጠሩ። በተደጋጋሚ ከ30 የሚበልጥ ከሆነ የልብ ወይም የሳንባ ችግር ሊኖር ስለሚችል ከኦፕራሲዮኑ በፊት መናገር ያስፈልጋል። አያቶች ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ቁጭ ባሉበት ከልጅ ልጅ ጋር ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

እግሩን ጨው ውሃ ውስጥ የነከረው ጂሚ

የልብን የኤሌክትሪክ መልእክት የሚጽፈው ኢሲጂ ታሪኩ ከውሻ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ለንደን ውስጥ አውገስተስ ዎለር የተባለ የፊዚዮሎጂ ሊቅ የሰው ልብ ኤሌክትሪክ ከሰውነት ውጭ፣ ቆዳ ሳይቀደድ ሊመዘገብ እንደሚችል አሳየ። ዎለር ጂሚ የሚባል ቡልዶግ ነበረው። ጂሚን አቁሞ እግሮቹን ጨው ባለበት ውሃ ዕቃ ውስጥ ያስነክረውና ከውሃው በሚወጣ ሽቦ የልቡን እንቅስቃሴ ለተመልካች ያሳይ ነበር። ጨው ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1909 በሮያል ሶሳይቲ ትዕይንቱን ሲያቀርብ ግን ነገሩ ፓርላማ ደረሰ። አንድ የምክር ቤት አባል በውሻው ላይ ጭካኔ ተፈጽሟል ብለው ጠየቁ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩም ውሃው ውስጥ ያለው ተራ የገበታ ጨው መሆኑንና ባሕር ዳር እግሩን ነክሮ የሚያውቅ ሰው ስሜቱን እንደሚረዳው ነግረው አሳረፏቸው። ጂሚ አልተወጋም፣ አልደነዘዘም፤ እግሩ ረጠበ እንጂ።

ዛሬ በጨው ውሃ ፈንታ እግሮቿ ላይ የሚቆነጠጡ ሽቦዎች አሉ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውና የሚወርደው መስመር ልብ ሳይዘልል፣ ሳይደናገር በሥርዓት እየታዘዘ መሆኑን ያሳያል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ባለቤቶች የማያውቁት ነገር አለ። ኢሲጂ የሚያሳየው ኤሌክትሪኩን ብቻ ነው። ደሙን አያሳይም። ልብ ውስጥ ትእዛዙ እየተላለፈ ጡንቻው ግን ደም መግፋት ያቆመበት ሁኔታ አለ፤ በዚያ ጊዜ ስክሪኑ ለተወሰኑ ደቂቃዎች የሚያምር መስመር ማሳየቱን ሊቀጥል ይችላል። መብራት ያለበት፣ ሞተሩ ግን ውሃ የማይገፋ የጉድጓድ ፓምፕ እንደማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ ረዳት ስክሪኑ ደኅና ነው እያለም ጣቱን ከጭኗ አያነሳም።

ለግፊቱ የራሱ መለኪያ አለው። ግፊት ያለባቸው አያቶች ክንዳቸው ላይ የሚጠመጥሙት ዓይነት ትንሽ ጨርቅ በፊት እግሯ ወይም በጭራዋ ሥር ይጠመጠማል። በማደንዘዣ ውስጥ ላለች ውሻ የላይኛው ቁጥር ከ90 በታች፣ ወይም አማካዩ ከ60 በታች ሲወርድ ሐኪም ዝም ብሎ አይመለከትም። ምክንያቱ ኩላሊት ነው። ግፊቱ ለረጅም ጊዜ ዝቅ ብሎ ከቆየ ውሻዋ ነቅታ፣ ጭራዋን ቆልታ ቤቷ ትገባለች፤ የኩላሊቱ ጉዳት የሚታየው ግን ከቀናት በኋላ ነው። ያኔ ከኦፕራሲዮኑ ጋር የሚያያይዘው ሰው ላይኖር ይችላል።

በኮሮና ጊዜ ጣታችን ላይ ስትቆነጠጥ የነበረችው የኦክስጅን መለኪያም እዚህ አለች። ውሻ ጣቷ ፀጉር ስለሆነ የምትቆነጠጠው ምላሷ ላይ ነው። ከ95 በመቶ በላይ ይፈለጋል፤ ከ90 በታች ከባድ ነው። ምላሱ ሲደርቅ ማሽኗ ስለምትሳሳት እርጥብ ጨርቅ ጣል ይደረግበታል። ከምትተነፍሰው አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው ካፕኖግራፍ ደግሞ ስለ ሳንባ ብቻ የሚናገር ይመስላል፤ ግን ያንን አየር ወደ ሳንባ የሚያመጣው ደም ነው። የተለመደው ቁጥር ከ35 እስከ 45 ሲሆን ድንገት ቁልቁል ከወረደ ወይ ቱቦው ተነቅሏል፣ ወይ ልብ ደም መግፋት አቁሟል። ይህ መሣሪያ ውድ ነው፤ በየክሊኒኩ አይገኝም።

መድኃኒቶቹ ወዴት ይጎትታሉ?

በአገራችን ክሊኒኮች በብዛት የሚሠራባቸው ዛይላዚንና ኬታሚን የተባሉት መርፌዎች ናቸው። ዛይላዚን ልብን ያዘገያል፤ አንዳንዴም ምት ያዘልላል። ኬታሚን ደግሞ ያፈጥናል። አንድ ላይ ሲሰጡ ልብን ወደ ሁለት አቅጣጫ ይጎትቱታል ማለት ነው። በጋዝ መልክ የሚሰጠው አይሶፍሉሬን የደም ቧንቧዎችን አላልቶ ግፊት ያወርዳል፤ ጥሩነቱ ግን መጠኑን በየደቂቃው መቀነስና መጨመር ይቻላል። የተወጋ መርፌ እንዲህ በየደቂቃው አይታዘዝም። ለዚህ ነው ውሻዋ ሳትመዘን መወጋት የሌለባት። በዓይን ገምቶ የሚወጋ ካጋጠማችሁ ሚዛን የት እንዳለ ብትጠይቁ ነውር የለውም።

ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ማደንዘዣው ይቀነሳል፣ እኛ በደፈናው ግሉኮስ የምንለው ፈሳሽ በደም ሥሯ ይሰጣል፣ ትሞቃለች። ልብ ከመጠን በላይ ሲዘገይ ያዘገየው ነገር ታይቶ አትሮፒን ሊሰጥ ይችላል፤ ለአንዳንዶቹ ማደንዘዣዎችም ማርከሻ አላቸው። ልብ ጭራሽ ከቆመ ደረቷ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ የስፋቱን ሲሶ ወይም እስከ ግማሽ ያህል እየተጫኑ ይታሻል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ነገሩ ወዲያው ከታወቀ ነው። ወዲያው የሚያውቀው ደግሞ የሚጠብቅ ሰው ነው።

እናም ለሐኪሙ የሚቀርበው ጥያቄ «ማሽን አላችሁ?» ከሚለው ይልቅ «እርስዎ ሲሠሩ ትርታዋን የሚይዘው ማን ነው?» የሚለው ቢሆን እመርጣለሁ። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ሰው እጁ ሆዷ ውስጥ ነው፤ ዓይኑም እዚያው ነው። ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ በየአምስት ደቂቃው ትርታውን፣ ትንፋሹን፣ የድዱን ቀለም ወረቀት ላይ የሚጽፍ። ከሁለት አንዱን ምረጥ ብባል፣ ማንም የማያየው ስክሪን ካለበት ክሊኒክ ይልቅ ስክሪን ሳይኖረው ንቁ ረዳት ያለበትን እመርጣለሁ። ሁለቱም ካለ እሰየው። ተጨማሪ ሰው ተጨማሪ ክፍያ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከዋጋ ላይ ለመቀነስ ስትደራደሩ ይህቺን አትንኳት።

ከእናንተም የሚጠበቅ አለ። ማታ ማታ የምታስል፣ ስትሮጥ ቶሎ የምትደክም፣ አንድ ቀን እንኳ ራሷን ስታ የወደቀች ከሆነ ተናገሩ። ዕድሜያቸው የገፋ ትንንሽ ውሾች የልብ በር ማፍሰስ፣ ዶበርማንን የመሳሰሉ ትልልቆች ደግሞ የልብ ጡንቻ መድከም ያጠቃቸዋል፤ ሐኪሙ ቀድሞ ካወቀ መድኃኒቱን ይመርጣል፣ ይቀይራል። አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያለ ውሾችም ለብቻቸው መታሰብ አለባቸው።

ጾሙ ስንት ሰዓት እንደሆነ ከሐኪሙ ጠይቃችሁ ያዙ፤ ቡችሎች እንደ ትልቅ ውሻ ብዙ ሰዓት አይጾሙም። አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ። ልጆች አዝነውላት ጠዋት በጓሮ በኩል ዳቦ አቃምሰዋት ከሆነ ያንን መደበቅ የለባቸውም። ደንዝዛ ሳለች ወደ ላይ የመጣ ምግብ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ማታውኑ ምክንያቱን ንገሯቸው፤ ካበሏትም ሳትቆጡ ጠይቋቸው። ቀጠሮ ለሌላ ቀን ቢዛወር ምንም አይደል።

ከነቃች በኋላ ያሉት ሰዓታት

ያ የእንግሊዙ ጥናት ካሳየው ነገር ሁሉ እኔን ያስደነቀኝ ይህ ነው፤ ከሞቱት ውሾች ግማሽ የሚጠጉት የሞቱት ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ ነው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ውስጥ። ሁሉም እፎይ ብሎ፣ ጓንት ወልቆ፣ ቡና ሊጠጣ የተነሳበት ሰዓት መሆኑ ነው። ስለዚህ «አለቀ፣ መውሰድ ትችላላችሁ» ሲባል አትቸኩሉ። ራሷን ቀና አድርጋ እስክትይዝ፣ ስሟ ሲጠራ እስክትመልስ እዚያው ብትቆይ ይሻላል። ሐኪሙ ማደር አለባት ካለም ሌሊት አጠገቧ ሰው መኖሩን ጠይቁ።

ስትወስዷት ከመኪና ኋላ፣ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አጣጥፋችሁ አታስገቧት። አንገቷ ከታጠፈ የአየር መተላለፊያዋ ይጠባል። በጎኗ አስተኝታችሁ አንገቷን ቀጥ አድርጉ፤ አንድ ሰው አጠገቧ ይቀመጥ። ቤት ስትገባ መሬት ላይ ብርድ ልብስ አንጥፉላት፤ አልጋ ወይም ሶፋ ላይ ብትወጣ ትወድቃለች። ሙቀት ያስፈልጋታል፤ ነገር ግን ፍል ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ቆዳዋ ላይ አታስጠጉ፤ ሲያቃጥላት ሸሽታ መነሳት ስለማትችል ይልጣታል። በሚገባ ሳትቆምና ምራቋን ሳትውጥ ምግብ አይቅረብላት።

ልጆች ሊያቅፏት ይጓጓሉ። ግማሽ የነቃች ውሻ ግን የምታውቀውን ሰው ላትለይ፣ ልትናከስም ትችላለች፤ እስከ ማግስቱ ከሩቅ ይዩዋት። የሚጠጋት አንድ ትልቅ ሰው ብቻ ይሁን። እሱም በየጊዜው ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ ድዷን ይመልከት፣ ትንፋሿን ይቁጠር። ድዷ ነጭ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ ሆዷ ከተነፋ፣ ስትጠራ ከመጀመሪያው ይልቅ እየከበዳት ከሄደ ሌሊትም ቢሆን ለሐኪሙ ደውሉ። ስልኩን ከክሊኒኩ ሳትወጡ፣ ማታ የሚያነሳው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ያዙት።